ግራው ይደክማል

በዘጠኝ ዓመቴ ሰው ከእንጀራው አፈናቅያለሁ። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሁሉ «ልጅ ነበርሽ» ይለኛል። እውነት ነው፣ ልጅ ነበርኩ። ሥራው ግን ምንም አልጎደለውም ነበር፤ ትልቅ ሰው ቢይዘው ከዚያ በላይ አያሳምረውም።

አባቴ የኢርፎንና የሄድፎን ሱቅ ነበረው። ሱቅ ስል ትልቅ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ጎኑን አዙሮ የሚቆምባት ጠባብ ቤት ናት። ከፊት የመስታወት ባንኮኒ፣ ከኋላ በመጋረጃ የተከለለ የጥገና ክፍል አላት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በገመድ ተሸፍኗል፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ አልፎ አልፎም ማንም የማይገዛው ብርቱካንማ። ሱቋ ሁልጊዜ አዲስ ፕላስቲክና የቀለጠ የመበየጃ እርሳስ ትሸታለች። ለእኔ ከዚያ የተሻለ ሽታ አልነበረም።

ዕቃችን ርካሽ ነው። የሚመጣው በጆንያ ነው፤ ካርቶን የለው፣ ስም የለው፣ ገመዱ እርስ በርሱ ተጠላልፎ አንዱን ስትስቡ ሃያው ይከተላል። እሱን የሚፈታው ቶንሲል ነበር። ትክክለኛ ስሙን ያኔም ዛሬም አላውቀውም። ድምፁ ሁልጊዜ ሻካራ ስለሆነና በፀሐይም በዝናብም አንገቱ ላይ ሻርፕ ስለማይጠፋ ሰው ሁሉ ቶንሲል ይለው ነበር፤ እሱም «አቤት» ይላል። ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጦ እያንዳንዱን ኢርፎን ይከፍታል፣ የላላውን ሽቦ ይበይዳል፣ ስልክ ላይ የሚሰካውን ጃክ ያጠነክራል፣ ከዚያ ለባንኮኒው ያስረክባል። ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው።

አባቴ አንድ የማይነቃነቅ እምነት ነበረው። የአዋቂ ጆሮ የተበላሸ ነው ይላል። ክላክስ አበላሽቶታል፣ ዕዳና ጭቅጭቅ አበላሽቶታል፣ የሚስት ንዝንዝ አበላሽቶታል፤ እዚህ ላይ ሲደርስ እናቴን ገልመጥ ያደርጋታል። ንጹሕ ጆሮ ያለው ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ባንኮኒው ጎን ባለው ረጅም ወንበር ላይ ያስቀምጠኝና ያንኑ አንድ ዘፈን በየኢርፎኑ ያሰማኛል። ዘፈኑ ሊጀምር ሲል ዘፋኟ ትንፋሽ ትስባለች። ትንፋሿ ከተሰማኝ «አንደኛ» እላለሁ። ትንፋሿ ጠፍቶ ከበሮው ብቻ ከደለቀ «ሁለተኛ»። ሁሉም ተደባልቆ ካጉረመረመ ደግሞ «የአውቶቡስ» ነው፤ በሞተር ጩኸት ውስጥ መጥፎውን ከጥሩው የሚለይ የለምና።

ሰው የሚመጣው ለዚህ ነበር። ተማሪው፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ የምትሰፋው ልብስ ሰፊ፣ ሁሉም ዘፈን ይፈልጋል፤ ሁሉም ግን ብዙ ማውጣት አይፈልግም። እኔ አስረዳቸዋለሁ።

«ጎማ ጫፍ ያለው ዘፈኑን ውስጥ ያስቀረዋል» እላለሁ እግሬን እያወዛወዝኩ። «ግን ሲራመዱ የራስዎ እግር በጆሮዎ ይሄዳል። ጠንካራው ፕላስቲክ አያፍንም፤ ጆሮዎ ትንሽ ከሆነ ግን ይወድቃል። ስፖንጅ ያለው ሄድፎን አያሳምምም፣ ከጎንዎ የተቀመጠው ሰውም በነፃ ይሰማል።»

ይስቃሉ፣ ይገዛሉ። አባቴ «ጆሮዬ» ይለኝ ነበር። በስሜ የጠራኝ ቀን አላስታውስም። ከእኔ የሚበልጥ አንድ ታናሽ ወንድም ነበረኝ፤ የሚበልጠኝ ወንድ በመሆኑ ነው። ግን እሱን ማንም ወንበር ላይ አላስቀመጠውም። ያቺ ወንበር የእኔ ናት፤ ከእሷ ወርጄ የምኖርበት ቤት ያለ አይመስለኝም ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ሄድፎን እንምጣ።

በሱቃችን የማይሸጥ አንድ ቆዳ ለበስ ሄድፎን ነበር። አባቴ «መለኪያው» ይለዋል። ገዢ መጀመሪያ እሱን ይሰማል፣ ቀጥሎ ርካሾቹን ይሰማል፣ ከዚያ ለመለኪያው የቀረበውን ይመርጣል። አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንገቴ ላይ አጥልቄው ስጨፍር ወደቀና ራስ ላይ የሚያርፈው ቅስቱ ለሁለት ተሰበረ። አባቴ ከባንኮኒው ኋላ ወጣ። በጥፊ አጮለኝ።

ጥፊው ተገቢ ነው ብዬ ነው የወሰድኩት። መለኪያውን ሰብሬያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ጥፋት አለ? የከበደኝ ጥፊው ሳይሆን ከዚያ በኋላ አባቴ ቀኑን ሙሉ እኔን አለማናገሩ ነው። ጆሮዬ ጭው ሲል ዋለ፣ ጭው ሲል አደረ። ጠዋት ትራሴ ላይ ትንሽ ደም አየሁ። እናቴ ትራሱን ገልብጣ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ወተፈችና «ብርድ ነው የመታሽ» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ጎረቤታችን ስለ ጥጡ ስትጠይቃት «በር መታት» ስትል ሰማኋት። እናቴ ነገር ይምታታባታል ብዬ አለፍኩት።

እናቴ በሕይወቷ ነገር ተምታቶባት አያውቅም።

በዚያው ቅዳሜ አዲስ ጆንያ ተከፈተ። ጥጡን አውጥቼ ወንበሬ ላይ ወጣሁ። አባቴ እንደ ወትሮው የክብሪት እንጨት እያኘከ የመጀመሪያውን ኢርፎን በጆሮዬ አደረገልኝ። ዘፋኟ ትንፋሽ ሳበች። በቀኝ በኩል አጠገቤ ነበረች፤ በግራ በኩል ግን ጎረቤት ቤት ሆና የምትዘፍን መሰለኝ።

«ግራው ይደክማል» አልኩ።

ሌላ አመጣ። «ይሄም ግራው ይደክማል።» ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አሥረኛ። ጎማ ያለውም፣ ጠንካራ ፕላስቲኩም፣ ስፖንጁም። አባቴ አንዱን ተቀብሎ ራሱ ሰማው። ከዚያ መልሶ በጆሮዬ አደረገልኝ። «አሁንስ?»

«ግራው ይደክማል።»

የክብሪት እንጨቱን ማኘክ አቆመ። ለጥቂት ጊዜ አየኝ። በዚያ አስተያየቱ ውስጥ አድናቆት ያየሁ መሰለኝና ደስ አለኝ።

ፀጉሩን ሊስተካከል ለሚጠብቅ ደንበኛው ኢርፎን ሊገዛ የመጣ ፀጉር አስተካካይ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ነበር። አንዱን አንስቶ ሰማና «ምን አለው ይሄ? ደህና ነው'ኮ» አለ።

«ግራውን ልብ ብለው ይስሙት» አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ቆየ። ቀስ በቀስ ቅንድቡ ተኮማተረ። «እውነትም! ግራው ይደክማል!» አለ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ግራው ደከመበት። ባለፈው ወር የገዙ ሰዎች ሳይቀሩ ይዘው መምጣት ጀመሩ። አንዲት ሴትዮ «ግራዬ እንቅልፍ ወሰደው» ብላ ባንኮኒው ላይ ወረወረችው። የአባቴ ስም በአንድ ሳምንት ውስጥ አፈር ድሜ በላ።

ጆንያውን ለጅምላ አከፋፋዩ ሊመልስ ሄደ። አከፋፋዩ ጥፍሩን እየቆረጠ፣ ቀና እንኳ ሳይል «የእኔ ዕቃ ሙሉ ነው። የከፈተውን ሰው ጠይቅ» አለው። ይህን አባቴ ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ። የሚከፍተው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ ቶንሲል የሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ጥሩውን ግራ እየነቀለ ለሌላ ሱቅ ይሸጣል፣ በምትኩ ደካማ ይበይዳል ተባለ። እኔ ይህን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። የቶንሲልን መሳቢያ ብከፍተው የተነቀሉት ግራዎች ሁሉ ተደርድረው በአንድ ድምፅ ሲዘፍኑ አገኛቸዋለሁ ብዬ አስብ ነበር። እሱ ሲወጣ ጠብቄ ከፈትኩት። ጥቅልል የመበየጃ እርሳስ፣ መቆንጠጫ፣ የሕፃን ልጅ ፎቶ። ሌላ ምንም የለም። ሌባ ጎበዝ ከሆነ እንዲህ ነው ብዬ ዘጋሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን አባቴ ለምሳ ሲወጣ ቶንሲል ከመጋረጃው ኋላ ጠራኝ።

«እመቤት ጆሮ፣ እስቲ ነይ። እኔንም ፍረጅኝ።»

በፊቱ ሁለት ኢርፎን ነበር። አንደኛው ከዚያው ጆንያ የወጣ፤ ሌላው የራሱ፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠጋገነ፣ ለዓመታት የሰማበት። የጆንያውን አደረገልኝ። ግራው ይደክማል አልኩት። «ጥሩ። አሁን ደግሞ» አለና ከጆሮዬ አውጥቶ፣ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አድርጎ መለሰው። እጆቹ ፊቴ ላይ ሲተላለፉ አየሁ።

«አሁን የትኛው?»

«ግራው።»

«ገለበጥኩት'ኮ። አሁን በግራሽ ያለው ቅድም በቀኝሽ የነበረው ነው።»

የራሱን ኢርፎን አደረገልኝ። ዘፋኟ ትንፋሽ ሳበች፤ ግራዋ እንደገና ጎረቤት ቤት ሄደ። ቶንሲል ፊቴን እያየ ሁሉን ተረዳ። ሻርፑን ፈትቶ መልሶ አሰረው።

«የኔ እናት» አለኝ፤ ሻካራ ድምፁ የባሰ ሻክሮ። «ኢርፎኑ ደህና ነው። የደከመው ጆሮሽ ነው። ማን መታሽ?»

በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ልክ እንደ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ፍርሃት አልነበረም፤ ጥላቻ ነበር። ይህ ሰው ከወንበሬ ሊያወርደኝ ነው። ነገ ታናሽ ወንድሜ ይቀመጥባታል፤ እኔ ደግሞ ስም የሌላት ሴት ልጅ እሆናለሁ። እውነት መናገሩ ገብቶኛል። እዚህ ላይ ልጅነቴ ምንም አያድነኝም፤ እጆቹ ሲተላለፉ አይቻለሁ።

«በር» አልኩት።

አባቴ ሲመለስ ፀጉር አስተካካዩ አብሮት ነበር። እናቴም የአባቴን ሻይ ይዛ በጓሮ በኩል ገብታለች። ቶንሲል መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ዕቃው ጤነኛ ነው። ልጅቷን ኢርፎኑን ገልብጬ ሞክሬያታለሁ። ሐኪም ቤት ይውሰዷት።»

«ምን አልክ አንተ?»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባል የለ? በእሷ ጆሮ ሰው አይፈረድበትም። ግራ ጆሮዋ ታሟል። አሁን ከታየች ይድናል ብዬ ነው።»

«በር ነው የመታት!» አለች እናቴ። ሻዩ ከብርጭቆው ፈሰሰ። ማንም ማን መታት ብሎ አልጠየቀም ነበር።

አባቴ እናቴን አየ፣ ቶንሲልን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ቁጭ ብሎ ፊቱን ከፊቴ ጋር እኩል አደረገ። ትንፋሹ ሽንኩርት ይሸታል።

«ጆሮዬ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ገልብጦ ሞክሮሻል?»

ቶንሲል ከአባቴ ትከሻ በላይ እያየኝ ነበር። ፈገግ ብሎልኛል። አይዞሽ፣ ተናገሪ የሚል ፈገግታ ነው።

«አልሞከረኝም» አልኩ።

በዚህ ላቆም እችል ነበር። ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ግን የሰዉ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው፤ መለኪያውን ከሰበርኩ ወዲህ አባቴ እንዲህ ቀርቦ አላየኝም። ስለዚህ ጨመርኩበት።

«ግራውን ሲነቅል አይቼዋለሁ። አሁን፣ እርስዎ ምሳ ሲሄዱ። በኪሱ ከተተው። 'ለአባትሽ ከተናገርሽ' ብሎ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ «አንተ አውሬ!» ብሎ ሻርፑን ጨምድዶ ያዘው። ቶንሲል አልታገለም። አሁንም እኔን ነው የሚያየው። ፈገግታው እንዴት እንደሚመለስ የጠፋው ይመስል ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ።

«እመቤት ጆሮ» አለ።

«የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ!» አለ አባቴ። «የእኔን ልጅ ደንቆሮ ልትላት! ውጣ!»

ኪሱን ገለበጡት። ግማሽ ዳቦና የሕፃን ጡጦ ክዳን ወጣ። የተነቀለ ግራ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ግን ማንም ግራ አይፈልግም ነበር። ፀጉር አስተካካዩ በጥፊ መታው፤ መንገድ ላይ የተሰበሰበው ሰው ደገመው። መበየጃውን እንኳ አልሰጡትም። አባቴ አንስቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠኝና ለተሰበሰበው ሰው «ይቺ ናት ጆሮዬ!» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ደስታዬ ወደር አልነበረውም፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ለአሥራ ሰባት ዓመት አባቴን እንዳታለልኩት አምኜ ኖርኩ። ይህ ጥፋቴ ነበር፣ የብቻዬ፤ ሲመቸኝ አፍርበታለሁ፣ ሲመቸኝ እረሳዋለሁ።

በሃያ ስድስት ዓመቴ ጆሮዬ መግል ቋጥሮ ሲያሰቃየኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ በመብራቷ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። «ታምቡሩ ድሮ ተቀዷል» አለችኝ። «ያኔ ታክመሽ ቢሆን በጥቂት ሳምንት ይድን ነበር። ምን ሆነሽ ነው?»

«በር መታኝ» አልኩ፤ ሳላስበው።

መብራቷን አጠፋች። «በር ግንባር ይመታል፣ አፍንጫ ይመታል። ይሄ መዳፍ ነው።»

አባቴ ከሞተ ዓመት አልፎታል። እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ስትነግረኝም ማጣጠፉን አላቆመችም።

«የዚያን ቅዳሜ ነው የነገረኝ» አለች። «'ገልብጬ አደረግሁላት፣ አሁንም ግራው አለችኝ። ጆሮዋን አጥፍቼዋለሁ' አለ።»

የክብሪት እንጨቱ ትዝ አለኝ። አድናቆት ነው ያልኩት እሱ ነው።

«ያን ቅዳሜ ካወቀ ቶንሲልን ለምን አባረረው?»

«ምን ያድርግ? ሰዉ ሁሉ ግራው ደክሟል ብሏል። የደከመው የልጄ ጆሮ ነው ቢል፣ ማን መታት ይሉታል። ሐኪም ቤት ብንወስድሽም ያው ነው። አንድ ሰው መጥፋት ነበረበት።» የሸሚዙን እጅጌ አቀናች። «ግን ደግሞ ያን ያህል አስበን አይደለም። አባትሽ ጥቂት ቀን በወሬው ተሸፍኖ ሰውዬውን በሰላም ሊያሰናብት ነበር። ሌብነቱን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። እኛ እንዲህ በይ አላልንሽም።»

ይህን ያለችው ልታሳምመኝ አይመስለኝም። እውነቱን ነው የነገረችኝ። አባቴ ፊቱን ወደ ፊቴ ሲያስጠጋ እውነቱን አልጠየቀኝም ነበር፤ መልሱን ያውቀዋል። የለመነኝ ውሸት ነው፤ እኔ ደግሞ ከለመነው በላይ ሰጠሁት።

ቶንሲልን ለማግኘት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። የፈለግሁት ግን ለሦስት ዓመት አይደለም፤ ሁለቱን ዓመት በፍርሃት ነው ያሳለፍኩት። በመጨረሻ በሌላ ከተማ የአውቶቡስ መናኸሪያ በር ላይ አገኘሁት። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ሳንቃ ላይ ኢርፎን ደርድሮ ይሸጣል። በእጁ ያለው ሁሉ እኔ ድሮ «የአውቶቡስ» የምለው ዓይነት ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። ሻርፑ የለም፤ ድምፁ ግን ያው ነው።

«ጎማ ያለው ልስጥሽ፣ ያለ ጎማ?» አለኝ። አላወቀኝም።

ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ሁሉንም ተናገርኩ፤ እጆቹ ሲተላለፉ ማየቴን፣ አባቴ አስቀድሞ ማወቁን፣ እናቴ ያለችውን። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን የይቅርታ ቃልም አልኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። እያወራሁ ከሳንቃው ላይ የተጠላለፈ ገመድ አንስቶ ይፈታ ነበር።

«ሌባ ከተባልኩ በኋላ መበየጃ ያስጨበጠኝ ሱቅ የለም» አለኝ ስጨርስ። «ሚስቴ ልጁን ይዛ እናቷ ዘንድ ገባች። እሷም አምናለች'ኮ። ልጅ አይዋሽም ነው ያለችኝ።»

«ሰፈር ሄጄ እናገርልዎታለሁ። ለሁሉም እነግራቸዋለሁ።»

«ለማን? ፀጉር አስተካካዩ ሞቷል። አባትሽ ሞቷል። ሚስቴ ሞታለች። ሰፈሩ እንደሆነ ፈርሷል አሉ።»

«ለልጅዎ…»

«በዚህ አትግቢ።» ገመዱን ፈትቶ ጨረሰና ሳንቃው ላይ አጋደመው። አንዱን ጆሮዬን፣ ቀጥሎ ሌላውን አየ። «ይህን ሁሉ ዓመት ይዘሽው ኖረሽ፣ እውነቱን የምትነግሪው ስታጪ ለእኔ ልትነግሪኝ መጣሽ? ካንቺ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ።»

አውቶቡስ ገብቶ መንገደኛው መውረድ ጀምሯል። ከኋላዬ አንድ ልጅ አንገቱን አስግጎ ሳንቃው ላይ ያለውን ለማየት ይሞክራል።

«ገበያ ጋርደሻል» አለኝ ቶንሲል። «ዞር በይልኝ።»

ዞር አልኩለት።